አረንጓዴው መብራት የማን ነው?

የአሜሪካ መጻሕፍት በሚነበቡባቸው ትምህርት ቤቶች አንድ ልማድ ከሠለጠነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መምህሩ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ያሰምራል፤ ከመስመሩ በስተግራ ዕቃውን፣ በስተቀኝ ትርጓሜውን ይጽፋል። አረንጓዴ መብራት፦ ተስፋ። ነጭ ልብስ፦ ንጽሕና። ቢጫ አውቶሞቢል፦ ገንዘብ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተሣሉ ዓይኖች፦ እግዚአብሔር። ተማሪውም ይህን ገልብጦ ይዞ በፈተና ቀን ይመልሰዋል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። መጽሐፉን ግን አላነበበውም። አንብቦትም እንደ ሆነ፣ ባለጸጋው ማን ድኃውስ ማን እንደ ሆነ፣ በመጨረሻ ማን ሞቶ ማን እንደ ቀረ ሳይጠይቅ ወጥቶአል።

ይህ አነባበብ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ብቻም ሳይሆን ድኃውን በጨዋ ደንብ ከመጽሐፉ ውስጥ የማስወጣት ዘዴ ነው። እንዲህ የሚያስተምሩት ሰዎች ክፉ አሳብ አላቸው ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ ብዙ ተማሪ የተጫነባቸው፣ ደመወዛቸውም ከድካማቸው ጋራ የማይመዛዘን መምህራን ናቸውና ሠንጠረዡ ሥራ ያቀልላቸዋል። ዳሩ ግን የመምህሩ ሥራ ቀለለ ተብሎ የደራሲው ነገር ሊጠፋ አይገባም።

ምክንያቱን ለማወቅ ከአገሪቱ ሕግ መነሣት ይሻላል። በ1787 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ መንግሥቱ ለማንም ሰው የመኳንንት ማዕርግ እንዳይሰጥ ይከለክላል። በዚያ አገር ልዑል የለም፤ መስፍን የለም፤ በሕግ ፊት ጌታና ሎሌ የሚል ስም የለም። ሆኖም ይህን ሕግ ካረቀቁት ሰዎች መካከል ባሪያ አሳዳሪዎቹ ጥቂት አልነበሩም፤ ባርነትም በሕግ የቀረው በ1865 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሕጉ የከለከለው ስሙን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም። ከአያት ከቅድመ አያት የከበረ አለ፤ ትናንት የከበረ አለ፤ የቀን ሠራተኛ አለ፤ በሰው መሬት ላይ አርሶ አዳሪ አለ፤ ስም ግን የላቸውም። የሌላ አገር ደራሲ «መስፍኑ መጣ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን፣ የአሜሪካ ደራሲ በሸሚዝ፣ በድምፅ ቃና፣ በቤት አጥር፣ በመብራት መናገር ግድ ሆነበት። በዚያ አገር መጻሕፍት ምልክት የሚባለው ነገር ሕግ የከለከለው የማዕርግ ስም ምትክ ነው። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ምልክቱን ከሰው ደረጃ ለይቶ መተርጐም ምላሱን ቈርጦ ንግግሩን እንደ መጠበቅ ነው።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንጥረኛው ወርቁን ከማፍሰሱ አስቀድሞ ሰሙን ይቀርጻል፤ ሰሙ ቀልጦ ቢወጣም ወርቁ የሚወርሰው የሰሙን መልክ ነው። የሰሙን መልክ ያልያዘ ወርቅ ከሌላ ቤት የመጣ ወርቅ ነው። የሠንጠረዡ ሰዎች ግን ሰሙን ሳያዩ ወርቅ ያፈሳሉ፤ ስለዚህም ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያወጡት ያው አንድ ዓይነት ወርቅ ነው፤ ተስፋ፣ ሕልም፣ ንጽሕና፣ ሞት። በዚህ ዓይነት የትኛውም መጽሐፍ ለየትኛውም መጽሐፍ ምትክ ሊሆን ይችላል።

ሠንጠረዡ ይበልጥ የበደለው መጽሐፍ የፍራንሲስ ስኮት ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» ነው፤ በሚያዝያ ወር 1925 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታተመ። ታሪኩ የሚደረገው በሎንግ አይላንድ ባሕር ዳር ደራሲው ምሥራቅ ዕንቍላልና ምዕራብ ዕንቍላል ብሎ በሰየማቸው ሁለት መንደሮች ነው። በምሥራቁ በውርስ የከበሩት፣ በምዕራቡ ሀብታቸው አዲስ የሆነ ሰዎች ይኖራሉ። በመካከል ያለውን ውኃ ጀልባ በጥቂት ጊዜ ይሻገረዋል፤ ጋትስቢ ግን እስኪሞት ድረስ አልተሻገረውም። ይህ ሰው በሰሜን ዳኮታ ከድኃ ገበሬዎች የተወለደ፣ ስሙን ከጄምስ ጋትስ ወደ ጄይ ጋትስቢ የለወጠ፣ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን በሥውር ንግድ የከበረ ነው። ገንዘብ ያልነበረው መኰንን ሳለ የወደዳት ዴዚ ባለጸጋውን ቶም ቡካናንን አግብታ በማዶው ዳር ትኖራለች። ጋትስቢም በሌሊት ወጥቶ በማዶ ወደሚታየው አረንጓዴ መብራት እጁን ይዘረጋል።

የሠንጠረዡ መምህር «ተስፋ» ይላል። መልካም፤ ተስፋ ይሁን። ነገር ግን ሰሙ ምንድር ነው? በቡካናን ርስት ጫፍ፣ በግል የጀልባ መቆሚያ ላይ ሌሊቱን ሁሉ የሚበራ መብራት ነው። መብራቱ ባለቤት አለው። የባሕሩን ዳር የገዛ፣ መቆሚያውን ያሠራ፣ ጀልባ ያለው ሰው ነው ያበራው። ወርቁ ተስፋ ብቻ ከሆነ ርስቱ ወዴት ገባ? ጋትስቢ እጁን የዘረጋው ወደ ሰማይ አይደለም፤ ወደ ሰው አጥር ነው። ደራሲውም ይህን አልደበቀም። ዴዚ ወደ ጋትስቢ ቤት በመጣች ቀን መብራቱ ታላቅነቱን አጥቶ ተራ የጀልባ መቆሚያ መብራት ሆኖ ይቀራል። ምልክትነቱ የቆየው ርቀቱ እስከ ቆየ ድረስ ብቻ ነበር፤ ርቀቱም የባሕር ርቀት ሳይሆን የደረጃ ርቀት ነው። በዚያው ቀን ዴዚ ከውጭ አገር በመጡ ሸሚዞች ክምር ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ሴት በሸሚዝ ላይ ታለቅሳለችን? ይህች ግን አለቀሰች፤ ያለቀሰችለትን ነገር ለማወቅ የሸሚዙን ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል እንጂ የቀለሙን ትርጓሜ አይደለም። በኋላም ጋትስቢ ራሱ፣ በድምፅዋ ውስጥ የሚሰማው ምን እንደ ሆነ ሲፈለግ፣ ገንዘብ መሆኑን በግልጥ ይናገራል። ደራሲው ከዚህ በላይ ምን ይበል?

አሁን ወደ ዓይኖቹ እንምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ስሕተቱ ከሥነ ጽሑፍ አልፎ ሃይማኖትን ይነካልና።

ከመንደሮቹ ወደ ኒው ዮርክ በሚወስደው መንገድ መካከል የአመድ ሸለቆ አለ። ይህ ከደራሲው አሳብ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በኩዊንስ፣ ኮሮና በሚባለው ሰፈር፣ የብሩክሊን ምድጃዎች አመድ እየተጫነ የሚደፋበት ሰፊ ቦታ በእውነት ነበረ። ባለጸጋው ቤቱን ያሞቀበት ከሰል አመድ ሆኖ ወደ ድኃው ደጃፍ ይወርድ ነበር ማለት ነው። ባቡሩ ከድልድዩ ላይ ጀልባ እስኪያልፍ ሲቆም ተሳፋሪው ወድዶም ሳይወድድ ይህን ቦታ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ይመለከታል። በዚያ ላይ የዓይን ሐኪሙ የዶክተር ኤክልበርግ ማስታወቂያ ተተክሎአል፤ ፊት የሌላቸው ሁለት ግዙፍ ሰማያዊ ዓይኖች፣ ቢጫ መነጽር ያጠለቁ፣ የብሌናቸው ቁመት አንድ ያርድ የሆነ። ሐኪሙ በሽተኛ እንዲበዛለት አቁሞአቸው ከዚያ በኋላ ወይ ሞተ ወይ ረስቶአቸው ሄደ። ቀለማቸው ደብዝዞአል።

በዚህ አመድ መካከል አውቶሞቢል እየጠገነ የሚኖር ዊልሰን የሚባል ድኃ አለ። ሚስቱ ሚርትል የቶም ቡካናን ውሽማ ሆናለች፤ ኋላም ዴዚ በምትነዳው የጋትስቢ አውቶሞቢል ተገጭታ ሞተች። ሌሊቱን አጠገቡ ያደረው ጎረቤቱ፣ ሚካኤሊስ የሚባል የግሪክ ተወላጅ ባለ ቡና ቤት፣ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን እንዳለው ይጠይቀዋል። የለውም። ሊነጋ ሲል ዊልሰን በመስኮት አሻግሮ ወደ ማስታወቂያው ዓይኖች እያየ እግዚአብሔር ሁሉን እንደሚያይ ይናገራል። ሚካኤሊስም ያ ማስታወቂያ መሆኑን ይነግረዋል።

ይህን ካህን ሲያነበው ልቡ ሊሰበር ይገባል። ካህን የሌለው፣ ደጀ ሰላም የማያውቅ፣ ሚስቱን ባለጸጋ የወሰደበትና ባለጸጋ የገደለበት ሰው በሐዘኑ ሌሊት የሚያየው ሌላ ነገር ቢያጣ የነጋዴ ሰሌዳ ለአምላክ ሆነለት። የደራሲው ነገር ይህ ነው፤ ዓይኖቹ እግዚአብሔር ናቸው አላለም፤ ለድኃው ከእግዚአብሔር ምልክት የቀረለት የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ መሆኑን አሳየ እንጂ። የሠንጠረዡ መምህር ግን «ዓይኖች፦ እግዚአብሔር» ብሎ ሲጽፍ፣ አእምሮው በሐዘን የታወከውን ሰው ስሕተት ትምህርት አድርጎ ያስተምራል፤ ግሪኩ ወዲያው የተናገረውንም እርማት ይሰርዛል። የቡና ቤቱ ጌታ ያወቀውን መምህሩ ሳያውቅ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ይቍጠሩት። ሚርትል ሞተች። ዊልሰን፣ ቶም አውቶሞቢሉ የጋትስቢ መሆኑን በነገረው ጊዜ፣ ጋትስቢን ገድሎ ራሱን ገደለ። ሦስት ሬሳ ነው፤ ሦስቱም ከድኃ ወገን የተወለዱ ናቸው። መሪውን የያዘችው ዴዚና ነገሩን የጠቈመው ቶም ግን ዕቃቸውን ጭነው፣ የሚሄዱበትንም ሳይናገሩ ወጥተው ሄዱ። ይህ ቍጥር በየትኛው ሠንጠረዥ ተጽፎአል? በአመዱ ግራጫነት ላይ አምስት ገጽ የሚጽፍ ተማሪ፣ የሞቱት ሁሉ ድኃ ተወላጆች መሆናቸውን ሳያስተውል ምስክር ወረቀቱን ይቀበላል።

የነዌንና የአልዓዛርን ነገር በዚህ ዓይነት የሚተረጕም ሰው ቢነሣ ምን ይባል ነበር? ቀይ ሐር፦ ንግሥና። ውሾች፦ አሕዛብ። ደጃፍ፦ ሞት። ይህ ሁሉ በአንድ ወገን ሊባል ይችላል፤ ሊቃውንቱም አንድም እያሉ ያራቅቁታል። ነገር ግን ከአንድም በፊት ንባብ አለ፤ በንባቡም አንዱ ጠግቦ አንዱ ተርቦአል፤ በመካከላቸው ያለው የደጃፉ መድረክ ብቻ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በዚህ ወንጌል ላይ ደጋግሞ በሰበከ ጊዜ በአንጾኪያ ለነበሩት ባለጸጎች የተናገረው ስለ ሐር ቀለም አልነበረም። ረኃቡን ዘልሎ ምሥጢር የሚፈልግ ተርጓሚ በአልዓዛር ላይ ተራምዶ ወደ ግብሩ የሚገባ እንግዳ ነው።

የሠንጠረዡ ወገኖች ከፊትዝጄራልድ ይልቅ ሄርማን ሜልቪልን ጠበቃ አድርገው ያቀርቡ ይሆናል፤ የነጩን ዓሣ ነባሪ ምሥጢርነት ያልሰበከ የለምና። ይሁን። በ1851 ዓ.ም. በታተመው «ሞቢ ዲክ» ውስጥ ግን ከዓሣ ነባሪው ይልቅ ነገሩን የሚገልጥ ሌላ ምልክት አለ። የመርከቡ አለቃ አክዓብ አንድ የኢኳዶር ወርቅ መሐለቅ በምሰሶው ላይ በምስማር ይቸነክርና፣ ነጩን ዓሣ ነባሪ መጀመሪያ ላየ ሰው ይሰጣል ይላል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ የመርከቡ ሰዎች እየመጡ መሐለቁን ይተረጕማሉ። አክዓብ በተቀረጹት ተራሮች ላይ የራሱን ታላቅነት ያያል። መንፈሳዊው ስታርበክ ሦስቱን ተራሮች ሥላሴ ያደርጋቸዋል። ስተብ በዓውደ ነገሥቱ አሥራ ሁለቱን ከዋክብት ይቈጥራል። ሦስተኛው ምክትል ፍላስክ ግን ዋጋውን አሥራ ስድስት ዶላር ብሎ ይገምትና፣ ሲጋራው በሁለት ሳንቲም ሲታሰብ 960 ሲጋራ እንደሚገዛ ያሰላል። ሜልቪል በዚህ ምዕራፍ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በፍላስክ ብቻ አይደለም። የአንዱ ሰው ምልክት የሌላው ሰው ደመወዝ መሆኑን አሳየ።

ደመወዙንም ቢሆን አልደበቀም። ተራኪው ይስማኤል በመርከቡ ሲቀጠር የተሰጠው ከትርፉ ሦስት መቶኛው እጅ ነው፤ የጦር ወርዋሪው የኩዊኩዌግ ድርሻ ዘጠናኛው እጅ ነው። እነዚህ ቍጥሮች በመጽሐፉ ውስጥ በስሕተት የወደቁ አይደሉም። በመጨረሻም ዓሣ ነባሪው ሲታይ አክዓብ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁ፤ መሐለቁ የእኔ ነው ብሎ ለራሱ ይወስደዋል። ሽልማቱን ያቆመው ጌታ ሽልማቱን ወሰደ፤ ሠራተኞቹ ሰጠሙ፤ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ይህን ትቶ ስለ ነጭነት ምሥጢር የሚራቀቅ ሰው ከስታርበክ በላይ አልተራቀቀም፤ ስታርበክም ሰጥሞአል።

ጆን ስታይንቤክ በ1939 ዓ.ም. ባወጣው ስለ ስደተኞች ገበሬዎች በሚናገረው «የቍጣው ወይን» ውስጥ ጂም ኬሲ የሚባል የቀድሞ ሰባኪ አለ። መምህሩ የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝ አጻጻፍ ከኢየሱስ ክርስቶስ ስም ፊደላት ጋራ አንድ መሆናቸውን ያሳይና ታላቅ ግኝት ያገኘ ያህል ይቀመጣል። ኬሲ የተገደለው ግን በፊደሉ ምክንያት አይደለም፤ ለአንድ ሣጥን ኮክ ለቀማ የሚከፈለው አምስት ሳንቲም ወደ ሁለት ሳንቲም ተኩል መውረዱን ተቃውሞ ሠራተኛ አስተባብሮ ነው። የካሊፎርኒያው የከርን አውራጃ ሹማምንት መጽሐፉን በዚያው ዓመት ከቤተ መጻሕፍታቸው ሲያግዱት፣ ያሳሰባቸው ሁለቱ ሳንቲም ተኩል እንጂ ሁለቱ ፊደላት አልነበሩም። ራልፍ ኤሊሰንም በ1952 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ፣ ነጩ ቀለም ነጭ የሚሆነው አሥር የጥቁር ጠብታ ሲጨመርበት መሆኑን በቀለም ፋብሪካው ምዕራፍ ጽፎአል፤ ጠብታውንም የሚያንጠባጥበው በቀን ደመወዝ የተቀጠረ ጥቁር ሠራተኛ ነው።

እርግጥ ሌላም ወገን ነበረ። በ1930ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ኮሙኒስቶች ሐያስያን መጽሐፍን ሁሉ በሠራተኛና በከበርቴ መዝገብ ብቻ ይመዝኑ ነበር። ፊትዝጄራልድ በ1934 ዓ.ም. ሌላውን መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ፣ ዘመኑ የድኅነት ማዕበል ሳለ ስለ ባለጸጎች መዝናኛ ጻፈ ብለው በጋዜጣቸው ገሠጹት። እነዚህ ደግሞ ወርቁን ጥለው ሰሙን ብቻ ያኝካሉ። የአመዱን ሸለቆ ከዚያ ዘመን ሁሉ አጥርቶ ያየው ባለጸጎችን የሚያውቀው ይኸው ሰው መሆኑን አላስተዋሉም። የእነርሱ ሠንጠረዥ ዛሬ የሚያስተምረው ጥቂት ነውና በእርሱ ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

ፊትዝጄራልድ ይህን ያወቀው ከሩቅ አልነበረም። በባለጸጎች ልጆች ትምህርት ቤት ከእነርሱ ያነሰ ገንዘብ ይዞ የተማረ ሰው ነው፤ እጮኛው ዘልዳም ያገባችው የመጀመሪያ መጽሐፉ በመጋቢት 1920 ዓ.ም. ታትሞ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ነው። በ1924 ዓ.ም. ስለ አንድ ልጅና ስለ አንድ ቄስ አጭር ታሪክ አሳትሞ ነበር፤ ይህም መጀመሪያ ለጋትስቢ የልጅነት ታሪክ የታሰበ እንደ ነበረ ራሱ ተናግሮአል። ልጁ በንስሓ ላይ ይዋሻል። አእምሮው የደከመው ቄስ ደግሞ ልጁን በሌሊት የሚያበራ የመጫወቻ ስፍራ ሄዶ ከሩቅ እንዲያይ፣ እንዳይቀርበው ግን ይመክረዋል፤ የቀረበው ሰው የሚያገኘው ሙቀቱንና ላቡን ነውና። አረንጓዴው መብራት ከመብራቱ በፊት የተተረጐመው በዚህ ቄስ አፍ ነው።

ደራሲው በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. ሲሞት መጽሐፉ የተረሳ ነበር። የካቶሊክ ልጅ ቢሆንም በሜሪላንድ፣ ሮክቪል በሚባል ከተማ፣ ቤተ ሰቦቹ ባረፉበት በቅድስት ማርያም መካነ መቃብር እንዲቀበር አልተፈቀደም፤ ሬሳው ወደዚያ የተዛወረው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በሲልቨር ስፕሪንግ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። መጽሐፉ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዘውትሮ የሚሰጥ ነውና ልጆቻቸውም ሠንጠረዡን ይዘው ወደ ቤት ይገቡ ይሆናል። ቀን ታክሲ ነድቶ፣ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጠብቆ የሚመለስ አባት ያን ሠንጠረዥ ቢያየው፣ አረንጓዴው መብራት የማን እንደ ሆነ ከመምህሩ ይልቅ ሊያስረዳው ይችላል።

የኮሮናው አመድ ለ1939 ዓ.ም. የዓለም ትርኢት ሲባል ተደልድሎ ቦታው ዛሬ መናፈሻ ሆኖአል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አንድ ሌላ መነጽር አለ፤ በሠንጠረዦቹ ብዙ ቦታ አያገኝም። በጋትስቢ ግብዣ ሌሊት አንድ ትልልቅ መነጽር ያደረገ ሰካራም ወደ መጻሕፍቱ ቤት ገብቶ፣ መጻሕፍቱ የወረቀት ቅርፊት ሳይሆኑ እውነተኛ መጻሕፍት መሆናቸውን አይቶ ይደነቃል፤ ገጾቻቸው ግን አልተቈረጡም፤ አንባቢ አልነካቸውም። በሺህ የሚቈጠር እንግዳ የበላበትና የጠጣበት ያ ቤት ጌታው ሲቀበር ማንንም አላመጣም። የመጡት ከሚኒሶታ የመጣው ድኃ አባቱ፣ ጎረቤቱ ኒክ፣ ጥቂት አሽከሮች፣ የመንደሩ ደብዳቤ አመላላሽ ናቸው። በኋላ ግን በዝናቡ ውስጥ ያ ባለ መነጽሩ ሰው እየረገጠ ደረሰ፤ እነዚያ ሁሉ በየሳምንቱ ይመጡ የነበሩት እንዳልመጡ ሲሰማም ለሟቹ አዘነ፤ መነጽሩንም አውልቆ በውጭም በውስጥም ጠረገው።